ኮረንቲን ወደ ጓሮ ማድ ቤት ስለ ማሻገር

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው፤ ሰውን አይደለም። የዚህ ትምህርት ራሱ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ይህን ያልያዘ ሰው ውድ ኬብል ቢገዛም "ብሬከር አለኝ" ብሎ ተኝቶ ያድራል፤ ማድ ቤቱ ግን እንዳልተጠበቀ ነው።

ነገሩን በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ኑሮ ላይ እናስቀምጠው። ዋናው ቤት ከፊት ነው፣ ማድ ቤቱ ከጓሮ፤ በመካከላቸው ሃያም ሠላሳም ሜትር ግቢ አለ። ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። ማገዶ ሲወደድ፣ ጭሱም ዓይን ሲያቃጥል፣ ቤተሰቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛል። ምጣዱ በገባ ማግሥት ጥያቄው ይመጣል፤ መብራቱ ከቤት ወደዚያ በምን ይሻገር? የተለመደው መልስ ይታወቃል። ከሳሎን ሶኬት ላይ ዲቫይደር ይሰካል፣ ከዲቫይደሩ ቀጭን ገመድ ይወጣል፣ ገመዱ በመስኮት ወጥቶ፣ በልብስ ማስጫው ላይ ተንጠላጥሎ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ሾልኮ ማድ ቤት ይገባል። ለዶሮ ቤት ወይም ለበረት አንድ አምፖል ለማብራት የሚሻገረውም በዚሁ መንገድ ነው። የአምፖሉ ሸክም ትንሽ ስለሆነ ሽቦውን አያቃጥልም፤ ሰውን ለመግደል ግን የአምፖሉም የምጣዱም 220 ቮልት አንድ ነው።

መጀመሪያ ልኩን እናውጣ። የእንጀራ ምጣድ እንደ ስፋቱና እንደ አሠራሩ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት የሚወስደውን ብንይዝና ለ220 ብናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይወጣል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ያህል አንድ ላይ ቢበራ በዚያ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ይህን ያህል ነው። ምጣዱ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ በርቶ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም፤ የሳምንት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ለሰዓታት ይነዳል።

ውጤቱን ለማየት ከጥቂት ወራት በኋላ ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅሎ መመልከት ይበቃል። አንደኛው እግር ቡናማ ሆኗል። በእግሩ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ለስልሶ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። የሶኬቱ ቀዳዳ ሰፍቶ ስፒናው አይጠብቅም። መንሥኤው ቀላል ነው። ስፒናውም ሶኬቱም የተሠሩት ለ16 አምፔር ነው፤ ምጣዱ ከጫፉ ላይ አድርሶ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። ሲሞቅ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥርዓት ይህ ነው፦ የጓሮ ማድ ቤት ከሶኬት አይመገብም። ከዋናው ቤት የብሬከር ሳጥን የራሱ ብሬከር፣ የራሱ መስመር ይወጣለታል። ማድ ቤቱ ሲደርስም ምጣዱ በስፒና ሳይሆን ሁለቱንም ሽቦ በሚቆርጥ ባለ 20 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በቀጥታ ቢታሰር ይሻላል።

አሁን ወደ ብሬከሩ። በውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ልሳን ነው፤ ከልኩ በላይ አምፔር ሲያልፍበት ይሞቅና ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ብሬከሩ ይወርዳል። ሁለተኛው ጥምዝ ሽቦ ነው፤ ሾርት ሲፈጠር በቅጽበት ማግኔት ሆኖ ይጥለዋል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "በዚህ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው በዝቷል ወይ?" ማን ነካው፣ ወዴት ሄደ፣ አይጠይቁም።

ታዲያ ብሬከሩ በየጊዜው ሲወርድስ? በሰፊው የሚሠራበት መፍትሔ ትልቅ ብሬከር መግጠም ነው። ባለ 16 ወጥቶ ባለ 32 ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አይወርድም፤ ሠራተኛውም ይመሰገናል። የሆነው ግን ጥበቃው ከሽቦው ላይ መነሣቱ ነው። ሽቦው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ 25 አምፔር ሲጫንበት ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሽቦው ግን እየጋለ ይሄድና ከሁሉ ደካማ በሆነው ቦታ፣ ምናልባትም በጣሪያ ሥር ከጭራሮው አጠገብ፣ ይቃጠላል። የብሬከሩ ቁጥር ሽቦው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። ብሬከር ሲወርድ የሚጨመረው ሽቦው ነው፤ ወይም የሚቀነሰው ሸክሙ ነው።

የሽቦውን ውፍረት የሚወስነው ደግሞ ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ርቀቱም ነው። ማድ ቤቱ 30 ሜትር ቢርቅ ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የሚጓዘው 60 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት 16 አምፔር ሲያልፍ ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ 11.6 ቮልት ገደማ ይበላል፣ ባለ 2.5 ወደ 7፣ ባለ 4 ደግሞ 4.4 ገደማ። 11.6 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የምጣድ ሙቀት ቮልቱ ሲቀንስ በእጥፍ ድርብ ስለሚቀንስ፣ ከምጣዱ ኃይል አሥር በመቶ ያህሉ ይጎድላል። ወደ 186 ዋት የሚሆነው ደግሞ ገመዱን ሲያሞቅ ይውላል፤ ቆጣሪው ያንንም ቆጥሮ ያስከፍላል። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲጋግር መጀመሪያም ቮልቱ የደከመ ሲሆን፣ "እንጀራው ዓይን አላወጣም" የሚባለው ጥፋት ግማሹ ከዚህ ነው። ከምጣዱ ጋር 1,500 ዋት የወጥ ምድጃ ቢበራ ድምሩ 23 አምፔር ስለሚደርስ፣ እኔ ለጓሮ ማድ ቤት የምመርጠው ባለ 4 ሽቦና ባለ 25 ብሬከር ነው። ሲገዙም ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት፤ ከላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ ነጭ የሆነ አሉሚኒየም በመዳብ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ አለና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሽቦው ነው። ሰውየውስ?

እጁ የረጠበ፣ ባዶ እግሩን በረጠበ ወለል ላይ የቆመ ሰው ሰውነቱ ኮረንቲን የሚከላከልበት አቅም ወደ 1,000 ኦም ይወርዳል። 220 ቮልት የያዘ ብረት ቢነካ 220 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም አንድ አምፔር እንኳ የማይሞላ፣ በሰውነቱ ያልፋል። ከ10 ሚሊ አምፔር በላይ ሲሆን ጡንቻ ይጨብጣል፣ የያዙትን መልቀቅ ያቅታል፤ "ኮረንቲ ያዘው" የምንለው ይህን ነው። ወደ 50 ደርሶ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲቆይ ልብ ምቷን ልታጣ ትችላለች። አሁን ባለ 16ቱን ብሬከር ጠይቁት። ለእርሱ 220 ሚሊ አምፔር ከሸክሙ አንድ ሰባኛው እንኳ የማይሞላ ነገር ነው፤ ሰው እየሞተ ሳለ በርቶ ይቆያል።

ሰውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ግራውንድና በሱቅ አርሲዲ የሚባለው ዕቃ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ይህ ክፍል ብዙ ባለሙያም የሚስትበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድበት።

ግራውንድ ምን ያደርጋል? ከምጣዱ ሸክላ በታች ባለው ቦይ ውስጥ የማሞቂያ ሽቦው ተጠምዞ ተዘርግቷል፤ ዙሪያውን የብረት ገላ ይዞታል። ሊጥ ሲፈስበት፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ በክረምት ውሎ እርጥበት ሲጠጣ፣ ኮረንቲው ወደ ገላው መንገድ ያገኛል። ገላው ከመሬት ጋር በሽቦ ከተያያዘ ኮረንቲው በዚያ ይወርዳል። "እንግዲያው ዘንግ ከቀበርኩ በቃኝ" የሚል አለ። አይበቃውም። የዘንጉ ልክ 60 ኦም ቢሆን፣ 220ን ለ60 ስናካፍል ወደ መሬት የሚወርደው 3.7 አምፔር ያህል ነው። ባለ 25ቱ ብሬከር ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ቆጥሮ ያልፈዋል። የምጣዱ ገላ ኮረንቲ እንደያዘ ሌሊቱን ያድራል፤ ቆጣሪውም ይዞራል።

አርሲዲ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። እረኛ ጠዋት ከብቱን በበሩ ቆጥሮ ያወጣል፣ ማታ ቆጥሮ ያስገባል፤ አንዲት ጥጃ ብትጎድል በሩ ላይ ያውቃል። አርሲዲም በአንዱ ሽቦ የወጣውንና በሌላው የተመለሰውን በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ያስተያያል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ጎድሎ ከተመለሰ፣ በማይገባ መንገድ ወጥቷል ማለት ነውና፣ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። የሄደው በሰው ውስጥ ይሁን በግራውንድ አይጨነቅም። ሲገዙ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን አንብቡ፤ ባለ 300 የሚለው ለእሳት መከላከያ እንጂ ለሰው አይሆንም። ደግሞም ተራው አርሲዲ ከልክ በላይ ሸክምን አይቆርጥም፤ ስለዚህ ብሬከሩን አይተካም፣ ከጎኑ ይቆማል።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። አርሲዲ ብቻ ቢኖር ምጣዱ ቢበላሽም ሰው እስኪነካው ድረስ ዝም ይላል፤ የሚቆርጠው በሰው ገላ ላይ ፈትኖ ነው። ግራውንድ ሲጨመርለት ግን ኮረንቲው ወደ ገላው በወጣበት ቅጽበት 3.7 አምፔር ይጎድላል፤ ሰው ሳይነካው ይቆርጣል። ደካማ የተባለው ዘንግ እንኳ፣ መቶም ሁለት መቶም ኦም ቢሆን፣ ከአርሲዲ ጋር ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ለዚህ ነው ከቤት ወደ ማድ ቤት የሚሻገረው ሽቦ ሦስት መሆን ያለበት፤ ሦስተኛው አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው የግራውንድ ሽቦ ነው። በማድ ቤቱ በኩልም ሌላ ዘንግ ተተክሎ ከዚሁ ሽቦ ጋር ይያያዛል። ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ይዞ የሚሸጥ ምጣድ አለ፤ እንዲህ ያለው ገላው ላይ ብሎን ተበጅቶለት ሦስተኛው ሽቦ ሳይታሰርለት አይሰካ።

እዚህ ላይ አንድ አጥፊ አቋራጭ አለ። ሦስተኛ ሽቦ ላለመግዛት ኒውትራሉን፣ ማለትም ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከምጣዱ ገላ ጋር የሚያስር ሰው ይገኛል። "ኒውትራል አይነዝርም" ይላል፤ በቴስተርም ነክቶ ያሳያል። ኒውትራሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እውነቱን ነው። በመንገድ ላይ በተበጠሰ ቀን ግን ከፌዙ፣ ማለትም ከአምጪው ሽቦ፣ የመጣው ኮረንቲ በማሞቂያው ሽቦ አልፎ መመለሻ ያጣና ገላው ላይ ይቆማል። ምጣዱ አይሞቅም፤ አምፖሉም አይበራም። እናት ወይም ልጅ "መብራት ጠፋ" ብላ ምጣዱን ልታነሣ እጇን ትዘረጋለች፤ ገላው በዚያ ሰዓት ሙሉውን 220 ቮልት ይዟል። ኒውትራልና ግራውንድ በማድ ቤት ውስጥ አይገናኙም።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሟች መጨመር ነው። ብሬከሩ ይውረድ፤ የማይደረስበት ከሆነ በደረቅ እንጨት ወይም በደረቅ ፕላስቲክ ይላቀቅ። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱ መሐል ላይ አጥብቆ መጫን በዚያው ይጀመር፤ ሰው እየጮኸ መኪና እስኪመጣ አይጠበቅም።

ወደ መንገዱ እንምጣ። በአየርም በመሬት ውስጥም ማሻገር ይቻላል፤ እኔ መሬቱን እመርጣለሁ። በአየር ከሆነ ኬብሉ ለፀሐይ የሚሆን ይሁን፤ የቤት ውስጥ ሽቦ ሽፋኑ በጥቂት ዓመት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ክብደቱን የተወጠረ የብረት ሽቦ ይሸከምለት፤ ጭድ ጭኖ የሚያልፍ ሰው እንዳይነካው ከመሬት ከ3.5 ሜትር አይነስ፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም አይድረስበት። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈራኝ ኬብሉ ከጣሪያው የሚገባበት ቦታ ነው። የተቆረጠ ቆርቆሮ ጠርዝ ስለት ነው። ነፋሱ ገመዱን ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይፈትገዋል። አስቀድሞ የላይኛው ሽፋን ይነጣል፣ ቀጥሎ የውስጡ ቀይ ሽፋን ብቅ ይላል፣ በመጨረሻ መዳቡ ብልጭ ይላል። ያን ጊዜ ጣሪያው በሙሉ ፌዝ ሆነ። በደረቅ የጭቃ ግድግዳና በእንጨት ላይ ያረፈ ቆርቆሮ ለኮረንቲው ወደ መሬት መውረጃ ስለሌለው ብሬከሩም አርሲዲውም አይወርድም፣ ምንም ምልክት አይታይም። የልብስ ማስጫው ሽቦ ጫፍ በዚያው ጣሪያ ምስማር ላይ ከታሰረ ደግሞ ኮረንቲው እርጥብ ልብስ የምታሰጣውን ሴት ግቢው መሐል ድረስ ሄዶ ይጠብቃታል። መድኃኒቱ ኬብሉን በጠርዙ ሥር አለማሳለፍ ነው፤ በግድግዳው በኩል፣ ወደ ውጭ አዘቅዝቆ በተተከለ የፕላስቲክ ቱቦ ይግባ። ቆርቆሮውም ራሱ ከግራውንዱ ጋር በብሎን ቢያያዝ አርሲዲው በጊዜ ይነቃል።

በመሬት ውስጥ ከሆነ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፤ ድንች የሚቆፍር ዶማ እስከዚያ አይወርድም። ከሥሩና ከላዩ አሸዋ፣ ከአሸዋው ላይ ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደርደር። የብረት ጋሻ ያለው ኬብል ከተገኘ እሰየው፤ ጋሻው ራሱ ከግራውንድ ይታሰራል። ካልተገኘ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ይሁን፤ ፍልፈልና አይጥ ባለበት ጓሮ ራቁቱን ኬብል መቅበር አይገባም። በመሐል የተቀጠለና በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ከአፈር በታች ፈጽሞ አይኑር። ዋልካ መሬት ላይ ያለ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር፤ ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃልና ኬብሉን ወጥሮ አይቅበረው፣ ልል አድርጎ እያጠማዘዘ ያስተኛው።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። አብዛኛው የቤት ብሬከር የተሠራው ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ጮቄ ሲወጡ ደግሞ ገና ይጨምራል። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን ይዞ የመሄድ አቅሙ ይቀንሳል። የአገሩ ብርድ ይህን በከፊል ይክሳል፤ ቢሆንም ብሬከሮችን ሳጥን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ አጨናንቆ መደርደር እዚህ አይመከርም፤ ምጣዱን የሚሸከመው ብሬከር በጎኑ ባዶ ቦታ ይተውለት። የማድ ቤቱ ሳጥን ከእንፋሎትና ከጭስ ርቆ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ እሳት ቢነሣ ሰው በምጣዱ ላይ ሳይሻገር እንዲደርስበት።

ከቆጣሪው በፊት ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ማኅተሙን መንካት አይቻልም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው፤ ሥራው ግን የማንም አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ዝርጋታን ለብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ ይሰጣል። ይህ ትምህርት ባለቤቱን ኤሌክትሪሺያን ለማድረግ አይደለም፤ ባለሙያው ሲመጣ ምን እንደሚጠይቀው እንዲያውቅ ነው። "አርሲዲው ባለ ስንት ነው? ሦስተኛው ሽቦ የታለ? ዋናው ብሬከር የቤቱንና የምጣዱን ድምር ይችላል?" ብሎ የጠየቀ ሰው ላይ ማንም በቀላሉ አይቀልድም።

ሥራው ሲያልቅ ከመብራቱ በፊት መለኪያ ይቅደም። ሜገር በሚባለው መለኪያ ለመስመሩ 500 ቮልት ተሰጥቶት በሽቦዎቹ መካከል ያለው መከላከል ከአንድ ሚሊዮን ኦም ካነሰ አንድ ቦታ ተልጧል ማለት ነው። ከበራ በኋላ አርሲዲው ላይ ያለው መፈተኛ ቁልፍ በየወሩ አንድ ጊዜ ይጫን፤ ካልወረደ ይቀየር። አርሲዲው በክረምት ማለዳ እየወረደ ቢያስቸግር፣ ነቅሎ ሽቦውን በቀጥታ የሚያገናኝ ሰው አይሰማ። ምጣዱ ከመስመሩ ይነቀል፤ አርሲዲው ያን ጊዜ ሳይወርድ ከቆየ ጥፋቱ እርጥበት የጠጣው ምጣድ ነው፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ይደርቅና እንደገና ይሞከር። ያም ሆኖ ከወረደ ማሞቂያው ይታይ። ምጣዱ ተነቅሎም ከወረደ መስመሩ ራሱ ነው።

የግራውንዱን ዘንግ በተመለከተ፣ ጨውና ከሰል ከሥሩ መጨመር የተለመደ ነው። ጨው ለአንድ ዓመት ይረዳል፤ ከዚያ በዝናብ ይታጠባል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። ልኩን በነሐሴ ለክቶ መዝግቦ መሄድ ደግሞ ራስን ማታለል ነው፤ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ የማይገባ ኮረንቲ የለም። መለካት ያለበት በየካቲትና በሚያዝያ መካከል፣ ዋልካው ተሰንጥቆ እጅ በሚያስገባበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከ100 ኦም ካለፈ ሁለተኛ ዘንግ ይጨመርለት፤ ከመጀመሪያው ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል ርቆ፣ የእጅ መታጠቢያው ውኃ በሚፈስበት በኩል ቢሆን ይመረጣል።